ስለ ነጂው ራስ የተከራከርነው ክርክር

ባለፈው ወር በማኅበራችን አዳራሽ በተደረገው ክርክር እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ወገኖች አሸንፈናል። ይህን የምንጽፈው ግን ለመመካት አይደለም፤ ከዚያች ማታ ጀምሮ ድሉ እንደ ዓሣ አጥንት በጉሮሯችን ተሰንቅሮ አልወርድ ስላለን ነው። በአዳራሹ ተገኝታችሁ ያጨበጨባችሁልን ጓደኞቻችን ቀሪውንም ብትሰሙት መልካም መስሎናል።

ርእሱን የመረጠው የክርክር ኮሚቴው ነው። ከዚያ ቀደም ከወጡት ሁለት ርእሶች አንዱ ሰዎችን አኳርፎ፥ ሁለተኛው ወንበር አስነሥቶ ስለ ነበር፥ ኮሚቴው «እስቲ ደግሞ ከመካከላችን የማንንም ቁስል የማይነካ ነገር እንፈልግ» ብሎ ሦስት ቀን ሲመክር ሰነበተና በመጨረሻ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «ለእሽቅድድም መኪና ነጂዎች ራስ የተሠራው መከላከያ የውድድሩን ክብር ዝቅ አድርጓል» የሚል ወረቀት ለጠፈ። ከኮሚቴው አባሎች አንዱ እሑድ እሑድ የፎርሙላ ዋንን እሽቅድድም በስልኩ ካላየ ምሳው የማይዋሐደው ሰው ስለ ሆነ፥ ሐሳቡ ከየት እንደ መጣ መመርመር አላስፈለገም። ዕጣ ሲወጣ «አድርጓል» የሚለው ወገን ለእኛ ደረሰ፤ «አላደረገም» የሚለው ለምሕንድስና ፋኩልቲ።

«እኛ» የምንለው በአንድ ክፍል የምናድረውን አራት ተማሪዎች ነው። ከአራታችን መኪና መንዳት የሚችል አንድም የለም። አንደኛው ብቻ፥ ይኸውም አፈ ጮሌው ተናጋሪያችን፥ ቅዳሜ ቅዳሜ የወንድሙን ሞተር ሳይክል እየተዋሰ ከተማውን ይዞራል፤ ሄልሜቱንም ከራሱ ላይ ሳይሆን እንደ ዘንቢል ከክንዱ ላይ ያንጠለጥለዋል። ይህን ለጊዜው እዚህ ላይ እንተወው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እናስረዳ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) የፎርሙላ ዋን መኪና ጣራ የለውም። ነጂው በጠባብ ጎድጓዳ ውስጥ ተንጋሎ ስለሚቀመጥ ከአካሉ ውጭ የሚታየው ራሱ ብቻ ነው። ጎማዎቹም እንደ ተራ አውቶሞቢል በመከለያ የተሸፈኑ አይደሉም፤ ስለዚህ አንዱ መኪና በፍጥነት ሲሮጥ የሌላውን ጎማ በጎማው የነካ እንደ ሆነ ተስፈንጥሮ ወደ ላይ ይነሣል። የሚያርፈውም ያ ራስ ባለበት አካባቢ ሊሆን ይችላል። ከ2018 ጀምሮ በእያንዳንዱ መኪና ላይ በግድ እንዲገባ የተደረገው መከላከያ ከቲታኒየም የተሠራ ቀስት ነው፤ የነጂውን ራስ ከኋላ እስከ ፊት ዞሮ ከፊት ለፊቱ በአንዲት ቀጭን ምሰሶ ላይ ይተከላል። ክብደቱ 7 ኪሎ ያህል ነው፤ የ12 ቶን ሸክም ግን ይችላል።

ስሙን «ሄይሎ» ይሉታል። በአገራችን ስልክ ያነሣ ሁሉ የሚለውን ስለሚመስል ክፍላችን ውስጥ ሳቅ ሆኖ ነበር የከረመው። ትርጕሙ ግን በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ በቅዱሳን ራስ ዙሪያ የሚሣለው የብርሃን አክሊል ማለት ነው። ይህን ስም ሰጭዎቹ ቢያወጡለትም፥ መጀመሪያ በታየ ጊዜ ተመልካቹ የሰጠው ስም ሌላ ነው፤ ቅርጹን አይቶ «ነጠላ ጫማ» አለው። እውነትም ነው፤ ያችን ምሰሶ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እንደሚገባው ማሰሪያ አድርጎ ላየው ሰው ሌላ ነገር አይመስልም። ለክርክር ለተዘጋጀ ሰው ከዚህ የበለጠ ስጦታ ከየት ይገኛል? በመኪናው ላይ የተጫነ ነጠላ ጫማ!

አንድ ሳምንት ሙሉ ስናነብ ሰነበትን፤ ለእኛ ወገን የሚረዳው ማስረጃ እንደ ሰኔ ዝናብ ወረደልን። ሉዊስ ሃሚልተን በ2016 መከላከያው ለሙከራ ሲቀርብ በፎርሙላ ዋን ታሪክ ከታዩት ለውጦች ሁሉ መልከ ጥፉው ይህ ነው ብሎ ነበር። የመርሴዲሱ አለቃ ቶቶ ቮልፍ በ2018 የራሱን አዲስ መኪና ሲያስመርቅ፥ መጋዝ ቢሰጡት ቆርጦ እንደሚጥለው ተናገረ። ከሁሉ ይልቅ የተደሰትንበት ግን ኒኪ ላውዳ ነበር። ላውዳ ማለት በ1976 በጀርመን አገር በኑርቡርግሪንግ ጐዳና ላይ መኪናው ተጋጭቶ በእሳት ሲያያዝ ሌሎች ነጂዎች ከነበልባሉ ውስጥ ጐትተው ያወጡት፥ በሆስፒታልም ቄስ መጥቶ የመጨረሻ ጸሎት ያደረሰለት፥ ከዚህ ሁሉ በኋላ በ6 ሳምንቱ የቈሰለ ራሱን በጨርቅ ጠቅልሎ በሞንዛ ተወዳድሮ 4ኛ የወጣ ሰው ነው። የቀኝ ጆሮውን ቃጠሎው በልቶት እስከ ዕለተ ሞቱ በቀይ ቆብ ነበር የሚታየው። እንዲህ ያለው ሰው በ2017 ሄይሎውን ነቀፈው፤ የውድድሩን ተፈጥሮ ያጠፋል አለ። እኛም «ይህ ከተናገረ ማን ይናገራል?» ብለን ስሙን በትልቁ ጻፍነው። ከእኛ አንዱ ብቻ፥ ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ፥ «ግን እኮ ላውዳን የመሰከረልን የተቃጠለው ራሱ ነው» አለ። ምን ማለቱ እንደ ሆነ ስላልገባን ተኛን።

የክርክሩን ማታ ያየ ያውቀዋል። ተናጋሪያችን ሲነሣ አዳራሹ ገና ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር የእርሱ ሆነ። አንዱን የማኅበራችንን አባል ነጠላ ጫማ ተውሶ ከጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «የተከበሩ ሊቀ መንበር ሆይ፥ ተከራካሪዎቻችን ለዚህ ሊሰግዱ መጥተዋል» አለ። ቀጥሎ ከአባቶቻችን ፉከራ አንሥቶ፥ ጀግና ፊቱን ለጠላቱ እንጂ ለሽፋን እንደማይሰጥ አስረዳ። ሞት ያልቀረበበት እሽቅድድም የአህያ ጋሪ ነው አለ። ማንም ነጂ ተገድዶ እንደማይገባና ራሱም የገዛ ራሱ እንደ ሆነ፥ ሰውም በገዛ ራሱ ላይ ካላዘዘ በምን ላይ እንደሚያዝዝ ጠየቀ። በዚህ በመጨረሻው ነጥብ ላይ፥ እውነቱን ለመናገር፥ እኛም ከልባችን አጨበጨብን። ዛሬም ቢሆን ያለ መልስ የሚታለፍ ጥያቄ አይመስለንም።

ከምሕንድስና በኩል የተናገረችው እኅታችን ግን ቀልድ አላመጣችም። ወረቀቷን እንደ ያዘች፥ ዐይኗን ከወረቀቱ ሳታነሣ፥ ቍጥር አነበበች። ለፍተሻ 20 ኪሎ የሚመዝን ጎማ በሰዓት 225 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲወረወርበት ሄይሎው እንደ መለሰው ነገረችን። ቀጥላም ስም አነበበች፤ አለን ስቴሲ፥ 1960፥ በቤልጂግ ወፍ ፊቱን መታው። ቶም ፕራይስ፥ 1977፥ በደቡብ አፍሪካ ጐዳናውን ሲያቋርጥ የነበረ ሠራተኛ የያዘው የእሳት ማጥፊያ ራሱን መታው፤ ሠራተኛውም ሞተ። አየርተን ሴና፥ 1994፥ በኢሞላ ከራሱ መኪና የተሰበረ ብረት የራስ ቁሩን በሳው። ሄንሪ ሰርቲስ፥ 2009፥ የ18 ዓመት ልጅ፥ ከሌላ መኪና የተነቀለ ጎማ። እርሱ በሞተ በ6ኛው ቀን ፌሊፔ ማሳን በሃንጋሪ ከፊቱ ካለው መኪና የወደቀ ሞላ የራስ ቁሩን መታው፤ ማሳ ተረፈ። ጀስቲን ዊልሰን፥ 2015፥ በአሜሪካ ከፊቱ የተጋጨ መኪና አፍንጫ ተሰብሮ ራሱ ላይ ወደቀ። ከኋላ ወንበር ያሉት ማዛጋት ጀመሩ። ሰዓት ተጠባባቂው ደወሉን ሲመታ ገና ሁለት ገጽ ይቀራት ነበር።

ከመቀመጧ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀችን፤ «እናንተ የምትሉት ክብር በማን ራስ የሚከፈል ነው?» አለች። ተናጋሪያችን ሳይነሣ ከተቀመጠበት ሆኖ «የፈራ ታክሲ ይንዳ!» ብሎ መለሰ። አዳራሹ ተናወጠ። እጅ ሲቈጠር ብልጫችን ለመቍጠር እንኳ የማያስቸግር ሆነ።

ክፍላችን ገብተን ሻይ አፍልተን ድላችንን ስናወራ፥ ያ እሑድ ምሳ የማይዋሐደው የኮሚቴ አባል መጣና «አሁን ከጨረሳችሁ አንድ ነገር ላሳያችሁ፤ ቀድሜ ባሳያችሁ ኖሮ አድልዎ ይሆንብኝ ነበር» ብሎ ስልኩን አወጣ። ያሳየን የ2020ውን የባሕሬን ውድድር ነው። ስለ እርሱ ሳናነብ የቀረን አይደለንም፤ ማስታወሻችን ላይ «ግሮዣን፥ ባሕሬን፥ ተቃዋሚዎች ያነሡት ይሆናል፥ በቀልድ ማለፍ» ብለን ጽፈን ነበር። ማንበብና ማየት ግን አንድ አለመሆናቸውን ያን ማታ ተማርን።

ውድድሩ ከተጀመረ ገና የመጀመሪያው ዙር ነው። የሮማን ግሮዣን መኪና ከጐን ሌላውን መኪና ነካና ወደ ቀኝ ታጥፎ በሰዓት 192 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ከብረት አጥሩ ጋር ተላተመ። ግጭቱ ከምድር ስበት 67 እጥፍ ነበር። መኪናው ለሁለት ተቈረጠ፤ የኋላው ክፍል ከአጥሩ ወዲህ ቀረ፤ ነጂው ያለበት የፊተኛው ክፍል የአጥሩን ብረቶች ፈልቅቆ በመካከላቸው ገባ፤ ወዲያውም እንደ ጧፍ ሳይሆን እንደ ደመራ ነደደ። 27 ሴኮንድ። በስልኩ ላይ ቈጠርናት። 27 ሴኮንድ በክርክር አዳራሽ አንድ ቀልድ ለመናገርና ጭብጨባው እስኪበርድ ለመጠበቅ የምትበቃ ናት። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ከእሳቱ ውስጥ ብቅ አለ፤ የግራ እግሩ ተይዞበት ስለ ነበር ጫማውን እዚያው ትቶ ነው የወጣው። የሕክምና መኪናው ሐኪም እጁን ይዞ ከአጥሩ አሳለፈው። እጆቹ ተቃጥለዋል፤ ራሱ ግን ደኅና ነው። ያንን ብረት ከራሱ ላይ ፈልቅቆ የያዘለት ያ ነጠላ ጫማ የተባለው ነገር ነው።

የኮሚቴው አባል አላቆመም። በ1974 በአሜሪካ በዋትኪንስ ግሌን ሔልሙት ኮይኒግ የሚባል የ25 ዓመት ኦስትሪያዊ፥ ገና ሁለተኛው የፎርሙላ ዋን ውድድሩ ሳለ፥ እንዲሁ ከብረት አጥር ጋር ተጋጭቶ እንደ ነበር ነገረን። የታችኛው ብረት ለቀቀ፤ የላይኛው አለቀቀም። መኪናው ከሥር አለፈ። በዚያን ጊዜ ከነጂው ራስ በላይ ምንም ነገር አልነበረም። የቀረውን እኛም አንጽፈውም።

ሌላውም ነገር እዚያው ስልክ ላይ ነበር። ግሮዣን ከሆስፒታል አልጋው ላይ እጆቹ እንደ ተጠቀለሉ ተናገረ፤ ከዓመታት በፊት ሄይሎውን የማይደግፍ እንደ ነበረ፥ አሁን ግን ያለ እርሱ ይህን ለመናገር እንደማይበቃ። ሻርል ሌክሌርም እንደዚሁ የማይወደው ሰው ነበር። መከላከያው በገባበት በ2018 ዓመት በነሐሴ ወር በቤልጂግ የፈርናንዶ አሎንሶ መኪና በአየር ላይ ተነሥቶ በላዩ ሲያልፍ፥ በሄይሎው ላይ የጎማ ጥቍር ጭረት ትቶለት ሄደ። «መልከ ጥፉ» ያለው ሃሚልተንም በ2021 በሞንዛ የማክስ ቨርስታፐን መኪና በላዩ ወጥቶበት የኋላ ጎማው ራሱ ዘንድ ደርሶ ሲያበቃ፥ አንገቱን እያሻሸ ለሄይሎው ምስጋና አቀረበ። በ2022 በሲልቨርስቶን የጆ ጓንዩ መኪና ተገልብጦ በነጂው ራስ በኩል ጐዳናውን እየፋቀ ሲሄድ፥ ከኋላ ያለው ዋናው መከላከያ ተሰብሮ ሄይሎው ብቻ ቀርቶ ነበር።

ተናጋሪያችን ስልኩን መለሰና «ታዲያ እነዚህ ሁሉ በገዛ ራሳቸው ላይ ተሳስተው ነበር ማለት ነው?» አለ። ይህ ጥያቄ ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛንም። ቀላል መልስ ያለው ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አንጽፍም ነበር።

መጀመሪያ ወደ ቀድሞው ሐሳባችን ልንመለስ ሞከርን። ሄይሎው ሁሉን አያድንም። ዡል ቢያንኪ በ2014 በጃፓን ከመኪና ማንሻ ክሬን ጋር ተጋጭቶ ከወራት በኋላ በሞተበት አደጋ እርሱ ቢኖርም አይረዳውም ነበር ተብሏል። አንትዋን ሁቤር በ2019 በቤልጂግ የሞተው ሄይሎው በመኪናው ላይ እያለ ነው፤ ከጐኑ ስለ ተመታ። ስለዚህ ይህን ብረት እንደ ጠበል የሚያዩት ሰዎች ዛሬም ያስቈጡናል። የድሮዎቹ ነጂዎችም ሞኞች አልነበሩም። በመኪና ወገብ መታጠቂያ ግድ የሆነው በ1972 ነው፤ ከዚያ በፊት ብዙዎቹ መታጠቅን የጠሉት ቤንዚኑ በተቀጣጠለ ጊዜ ታስሮ ከመቃጠል ወርውሮ ቢጥለኝ ይሻላል ብለው አስበውበት ነው።

የጃኪ ስቱዋርት ታሪክ ግን አላሳለፈንም። ስቱዋርት በ1966 በቤልጂግ ዝናብ ላይ መኪናው ተሰብሮ ቤንዚን እየፈሰሰበት በውስጡ ተይዞ ሳለ፥ ያወጡት ሌሎች ሁለት ነጂዎች ከተመልካች መፍቻ ተውሰው መሪውን በመፍታት ነው። ከዚያ ወዲያ መፍቻ በመኪናው ላይ እየለጠፈ ይነዳ ጀመር፤ የብረት አጥርና ሐኪም ይኑር ብሎ ጮኸ፤ ፈሪ የሚሉትም አልጠፉም። ሆኖም ስቱዋርት ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው፤ «አልነዳም» ቢል የሚለምነው ብዙ ነው። ያ በሁለተኛ ውድድሩ የሞተው የ25 ዓመት ልጅ «ይህን አጥር አላምነውምና አልነዳም» ቢል ማን ይሰማው ነበር? ወንበሩን የሚጠብቁ ስንት ልጆች ከበሩ ላይ ቆመው?

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ያ «የገዛ ራሱ» ያልነው ነገር ከእጃችን የተንሸራተተው። በእሽቅድድም ውስጥ 7 ኪሎ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሰዎቹ ለግራም የሚጨነቁ ናቸው። ሄይሎው በፈቃድ ይሁን ቢባል፥ መጀመሪያ የሚያወልቀው በጣም ደፋሩ ወይም በጣም የቸገረው ነው፤ እርሱ ካወለቀ የቀሩት ሁሉ ወደ ኋላ ላለመቅረት ያወልቃሉ። ያን ጊዜ ድፍረት የሚባለው ነገር እንደ ግብር በሁሉም ላይ ይጣላል፤ የሚከፍለውም በራሱ ነው፤ «ፈቃዴ ነው» ብሎ ፈርሞ። ሁሉም በአንድ ቀን በግድ ያጠለቁት እንደ ሆነ ግን ማንም በማንም ላይ ብልጫ አያገኝም፤ ማንም ፈሪ አይባልም፤ ፈጣኑ ፈጣን እንደ ሆነ ይቀራል። ከ2018 ወዲህ የዘገየ ነጂ በሄይሎው ምክንያት ሲያሸንፍ አላየንም።

ስለ ውበቱ ደግሞ መናገር ያሳፍረናል። እኛ አርትስ ነን የምንል ሰዎች ዋናው ክርክራችን ውበት ነበር። አሁን የ2017ቱን መኪና ሥዕል ስናይ ራሱ ከበር ውጭ የተረሳ ሰው ይመስለናል። ዐይን ምን ያህል ቶሎ እንደሚለምድ፥ ለመልመድም ምን ያህል እንደሚያንገራግር፥ የእኛው ዐይን መሰከረብን። በነገሩ ካሰብንበት ያ ውበት ያልነው የነጂው አልነበረም፤ እርሱ ራሱን ከውጭ አያየውም። የእኛ የተመልካቾቹ ነበር። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት እንደሚባለው፥ በሰው ራስ ፉከራ እናሰማ ነበር።

በማግሥቱ ጧት ወደ ምሕንድስና ፋኩልቲ ሄደን ያችን እኅታችንን ፈለግናት። ያላነበበችውን ሁለት ገጽ እንድትሰጠን ለመንናት። ሰጠችን። ከላይ ስለ ፈቃድና ስለ 7 ኪሎ የጻፍነው ከዚያ ገጽ ላይ ነበር፤ እኛ ሌሊቱን ሙሉ ደክመን የደረስንበትን እርሷ በዘጠኝ መስመር ጽፋዋለች። «ለምን ይህን ቀድመሽ አላነበብሽም?» ብንላት፥ ቍጥሩ ይበቃል ብላ እንደ ነበር ነገረችን። ቀጥላም ፈገግ ብላ «ዕጣው ተገላቢጦሽ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ነጠላ ጫማውን እኔ ነበርሁ የማመጣው» አለች።

ከዚያ ወደ ማኅበሩ ጸሐፊ ሄድን። በክርክሩ መዝገብ ላይ፥ አሸናፊው ወገን ከክርክሩ በኋላ ሐሳቡን መለወጡ በአንዲት መስመር እንዲጨመርልን ጠየቅን። ጸሐፊው መዝገቡን ከፍቶ አየና፥ ድምፅ ከተቈጠረ በኋላ መዝገብ እንደማይነካ፥ ደንቡም እንዲህ ስላለው ልመና ምንም እንደማይል አስረዳን። «ከፈለጋችሁ መጽሔት አለላችሁ፤ እዚያ ጻፉት» አለን። ተናጋሪያችን ቅዳሜ ዕለት ሞተር ሳይክሉን ሊመልስ ሲወጣ ሄልሜቱ ክንዱ ላይ ነበር። ከበሩ እስኪደርስ በመስኮት አየነው። እዚያ ቆመና ወደ ኋላ ዞሮ ማን እንደሚያየው ተመለከተ፤ ከዚያም አጠለቀው፤ ማሰሪያው ጠብቆበት ስለ ነበር ትንሽ ታገለው።